የሐረጎ ሒሳብ

ደብተሩ ዘይት ጠጥቷል፣ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፤
አባቴ በሰማያዊ ቢክ፣ መስመር እያሰመረ፣ እስከ ልባሱ ሞልቶታል።
ቀን። መውጫ። መውረጃ። ድምር። ማስታወሻ። ፊርማ።
ደብዳቤ መጻፍ የሚፈራ ሰው፣ ቁጥር ላይ ሲደርስ፣ እንዴት ያለ ግርማ!

መኪናዋ የሐጂ ሙሔ ናት፤ ጥቁር ስቴሽን፣ ወንበሯ ቆዳ፣
አራቱም ጎማዋ የሚስብ፣ ለኮምቦልቻ አቧራ እንግዳ።
ቦርከናን ይዛ፣ ሜዳው ላይ፣ በሊትር አሥራ አንድ ትሄዳለች፤
ሐረጎን ስትጀምር ግን፣ አምስት እንኳ በስንት ልመና ትደርሳለች።
«ሁለት እግር ያለው ሁለቴ ይበላል፣ አራት ያለው አራቴ»
ይል ነበር አባቴ።
«ይቺ ልጅ ሽቅብ ቤንዚን ትጠጣለች፤ ቁልቁል ዱዓ ታስደርጋለች።»

ከመሪው ኋላ ትንሽ መስኮት አለች፤ የጠጣችውን የምትናዘዝ፤
አባቴ ይሰማታል፣ ይጽፍላታል፣ ሐጂ ከኋላ ሲያንኮራፉ፣ አንገታቸው ሲወዘወዝ።
ወደ ደሴ ሲወጣ አምስት፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሁለት፤
ሰባት። ሰባት። ሰባት። ገጹ ሁሉ ሰባት የተዘራበት።

እኔ ሉባባ፣ የይማም ልጅ፣ እንጀራዬ የሰው ሒሳብ መመርመር ነው፤
ድምሩ ሁልጊዜ ልክ የሆነ ደብተር፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።
ጣቴን በዓምዱ ቁልቁል ሰደድኩ።

ሐሙስ፦ ሲወጣ ስድስት ተኩል።
ሐሙስ፦ ሲወርድ ግማሽ።
ሌላ ሐሙስ፦ ስድስት ተኩል፤ ግማሽ።
ድምር፦ ሰባት።

ግማሽ ሊትር! ይህን ግዙፍ ብረት፣ ከነሐጂ፣ ከነቆዳው፣
ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ ምን ጂኒ ነው የነዳው?

መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሾፌር ልጅ ነኝ። ማርሹን ዜሮ ጥሎ፣
በጉሙ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጥምዝ፣ ነፍሱን በፍሬን ሸራ አንጠልጥሎ።
የራሱንስ ይሁን፤ የተኙትን ሽማግሌ ነፍስ? ለሊትር ተኩል ብሎ!

ግን የት ሄደች ሊትር ተኩሏ?
በማስታወሻው ዓምድ፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ፣ ሁለት ቃል፦ «መብራት በርቷል።»
የዘይት መብራት መሰለኝ። «ምነው ጋራዥ አይወስዳት?» ብዬ
ተቆጣሁት፣ ከሞተ በኋላ።

ከዚያ ዓመቱን አየሁ።

ያን ዓመት ደሴ ነበርኩ፣ ቧንቧ ውሃ፣ የእትዬ ደብሪቱ ጓሮ፣ ኪራይ ቤት፣
የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ፣ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ።
አንዳንድ ማታ፣ ሐጂ ፒያሳ ከሸሪኮቻቸው ጋር በሚመክሩበት ሰዓት፣
ከቅያሱ አፍ መኪና ይቆማል፤
ሞተሩ አይጮህም፤ እንደ ጠገበ ድመት ያጉረመርማል።
«የሀብታም መኪና ነው፣ መንገድ ጠፍቶት» ትላለች እትዬ ደብሪቱ፣ መጋረጃውን ሳትገልጥ።
እኔም አልገለጥኩም። ፊዚክስ ነበረብኝ፤
ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል የሚለውን እያነበነብኩ።

አንድ ሐሙስ ግን፣ በግንቦት፣ «መብራት ጠፍቷል» ይላል፤
ቢኩ እዚያ ላይ ወረቀቱን በስቷል።
ሲወጣ፦ ዘጠኝ።
ሲወርድ፦ ባዶ፣ ምንም አልተጻፈም።
በድምሩ ቦታ፦ «ከደሞዜ ይቆረጥ።»
የዚያን ማታ የት ነበርኩ? ተኝቼ? ከነመዲና ጋር ፊልም ቤት?
ስንት ጊዜ ዞረ፣ ያ ሰውዬ፣ በሰው ቤንዚን፣ በዚያ ጨለማ?
አላስታውስም። አላስታውስም።

ትናንት ከደሴ ስወርድ፣ የሚኒባሱ ሾፌር ሐረጎ አናት ላይ ማርሹን ለቀቀ።
ከግራዬ «ያ አላህ!»፣ ከቀኜ «ማርያም፣ ማርያም!»፣
ከኋላ «ያዝ አንተ! በማርሽ ውረድ!»
እኔ አልጮህኩም። የጋለ ፍሬን ሽታ በመስኮቱ ገባ።
እናቴ እንደነገረችኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጃኬቱን ስትቀበለው፣
«ምን ነካህ፣ ተቃጥለህ ነው የመጣኸው?» ስትለው፣
«ሐረጎ ነው» ይላት ነበር፣ ጫማውን እያወለቀ።